የቀስተኛዋ ወንድም

ሰኞ፣ ጥር 6

ሃምሳ ሁለት ሸሚዝ ተኩሼ ዋልኩ። ቀኝ ትከሻዬ የኔ አይደለም፤ የእትዬ እንፋሎት ነው። የላውንደሪው ባለቤት ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ መብራት ቢጠፋ በአፍንጫዋ ጨርቅ ታቃናለች።

ዛሬ አንድ ግራጫ ሱሪ ኪስ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት ከተትኩ። «ሁሉንም አውቄያለሁ» ይላል። ሌላ ነገር የለውም። ባለሱሪው ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። የሚያስቀኝም እሱ ነው... የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው የታል?

ከሰዓት ወደ አጎቴ። እናቴ ከሥራ እስክትመጣ ጠባቂው እኔ ነኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ልብስ ሰፊ። ፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል፤ ኋላ ክፍል ውስጥ እሱ ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል። ስኳር አለበት፣ እግሩ ደንዝዟል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌዎቹን ሳይቆጥር ሱቅ ዘግቶ አያውቅም። ከሁለት ወር በፊት አንዷ ጎደለችበት። ወለሉን በማግኔት ጠረገ፣ አጣት። «አይጥ ወስዳት ነው» አለ። አራት ቀን ሙሉ በቀኝ እግሩ መዳፍ ውስጥ ይዟት ዞረ! ካልሲው ደም ሲሆን ነው የታወቀው። አይጡ እሱ ራሱ ነበር።

ቁስሉ እስካሁን አልዳነም። አይወጣም፣ አይሰፋም፣ ጣሪያ ያያል። ሲበቃኝ ሽቦን ለመንኩት። ስልክ ጠጋኙ ጓደኛዬ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ በር ሳይከፍት ይገባል። አሮጌ የጌም ማሽኑን አዋሰኝ። ውስጡ አንድ ጌም ብቻ ነው ያለው። ጎራዴ፣ ዘንዶ፣ ጠንቋይ... ያ ነገር። ስሙ በእንግሊዝኛ ረጅም ነው። ጉም ስለማይለየው እኛ «የጉም አገር» ብለነዋል።

«የልጅ ነገር ነው፣ አንሳልኝ» አለ አጎቴ። ጆይስቲኩን ግን አልለቀቀም።


ረቡዕ፣ ጥር 8

ሦስት ሰዓት ተጫወተ። ጌሙ ላይ ያለው ሰውዬአችን አይናገርም፤ ሌላው ሁሉ ሲያወራ እሱ እንደ ግንብ ቆሞ ይሰማል። አጎቴ «አቶ ዝም» አለው።

አጎቴ ጠላት አይታየውም። ልብስ ነው የሚያየው። «ይሄ ኮት ቁልፍ የለውም። በየት በኩል ገባበት?» ሽፍታ በመጥረቢያ ሊፈልጠው ይመጣል፣ እሱ «ቆይ፣ ቆይ፣ እጅጌው ላይ ስፌት የለም እኮ!» እያለ ይሞታል። አራት ጊዜ ሞተ።

ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። አንባቢው እኔ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት በስምምነት ተለያይተናል። የጌሙ እንግሊዝኛ ደግሞ የዛሬ አይደለም፣ የአያት ቅድመ አያት ነው፣ ይጠማዘዛል። ያወቅኩትን አነበብኩ። ያላወቅኩትን... እህ።

ከዚያ ቀስተኛዋ መጣች። አብራን የምትሄድ ቀጭን ልጅ፣ ክንዷ ራቁት፣ ቀስት በትከሻዋ። እሳት ዳር ተቀመጠችና አንድ ረጅም ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

ዳቦ እየበላሁ ነበር። ከአምስቱ ቃል ሁለቱን ነው የማውቀው። አላውቅም ማለት ደግሞ ሞቴ ነው።

«ወንድሟ ጠፍቶባታል» አልኩ።

ለምን ወንድም? እኔ እንጃ። አፌ ቀደመኝ።

አጎቴ ጆይስቲኩን ደረቱ ላይ አስቀመጠ። «ታላቅ ነው ታናሽ?»

«ታናሽ።»


ሐሙስ፣ ጥር 9

ወንድሟ ስም አለው ወይ አለኝ። አለው አልኩ። ምን ላድርግ ታዲያ?


እሁድ፣ ጥር 12

ዛሬ ሳቅኩ። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ሆኖ አንድ ገጽ ሙሉ ሲናገር፣ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ይህ መንግሥት በዕዳና በቁንጫ ሊጠፋ ነው ይላል» አልኩ። አጎቴ ሳቁ ሳል ሆነበት። ጠንቋዩን የአማች ነገር አስወራሁት። ዘንዶው «እኔ እሳት የምተፋው ጨጓራዬ ስለተበላሸ ነው» አለ። ዘንዶው ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችን። «ወንድምዬ ሳቀ?» አለችኝ ኩሽና ገብቼ ስኒ ሳጥብ። ዓይኗ እርጥብ ነበር። «አንተ ሰይጣን፣ ለአንድ ነገር ጠቀምክ።»

የልብ ልብ ተሰማኝ። እንዲህ ከሆነ ውሸት ምን ጣጣ አለው?

ቀስተኛዋ እሳቱ ዳር ስትቀመጥ ግን ያችኑ ቃል ደገመችው።

«ዛሬስ ምን አለች?»

«ስለ ወንድሟ የሰማችሁት አለ ወይ ትላለች።»


ሰኞ፣ ጥር 20

ደከመኝ።

ስልሳ ሸሚዝ። ባለ ግራጫው ሱሪም ዛሬ መጣ። ሽማግሌ፣ ትሑት ሰው። ወረቀቱን ለእትዬ እንፋሎት አሳያትና «ማን እንደሆነ አልጠይቅም፣ ብቻ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ፣ ተገላግያለሁ በሉልኝ» ብሎ ሄደ። ምን ነግሯት ይሆን? እትዬ እንፋሎት ወደኔ ዞረች። ካውያውን አያለሁ፣ ካውያው እኔን ያያል። ሳቄ አልመጣም።

ከዚያ አራት ሰዓት ጌም። ስለዚህ ጌም እውነቱን ልጻፍ፣ ለማንም ሳላዳላ።

ጥሩው፦ ዝናቡ። ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያውን ከድንጋዩ ለይቶ ያሰማል። ኮረብታ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ሲያዩ ደግሞ... ተኝቶ ለሚውል ሰው ያ መንገድ ሁሉ ቀላል ነገር አይደለም። አጎቴ ከተራራው ጫፍ ቆሞ ዝም ይላል። እኔም ዝም እላለሁ።

መጥፎው፦ የቀረው ሁሉ። መንደርተኛው በሙሉ ሦስት ፊት ነው ያለው። አንጥረኛው፣ ቄሱ፣ ሌባው አንድ ሰው! ሥራው ሁሉ ተላላኪነት ነው። ሃያ የተኩላ ጥርስ አምጣ። አመጣን። አሁን ሠላሳ አምጣ። ጥርስ ምን ያደርግለታል፣ ድዱ ባዶ ነው? የገደልነው ሽፍታ በማግስቱ እዚያው ድልድይ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፣ እንደ ሥራ ባልደረባ። ከመቶ በር ዘጠናው አይከፈትም፣ ሥዕል ነው። ያች ቀስተኛ ደግሞ አራት ነገር ነው የምታውቀው፣ አራቱንም ትደጋግመዋለች።

ከሁሉ የከፋው የኔ ነው። አጎቴ ዋናውን ታሪክ ተወው። ዘንዶውን ረስቶታል። የቀስተኛዋን ወንድም ነው የሚፈልገው። እያንዳንዱ ዋሻ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ። «እዚህ ሊሆን ይችላል» ይላል። ሊሆን አይችልም! ዳቦ እየበላሁ የፈጠርኩት ሰው ነው! ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው እያደር ከበደ። በራሴ ውሸት ውስጥ በእግሬ እየሄድኩ ነው።


ዓርብ፣ ጥር 24

ቁስሉን የምታጥበው ነርስ ፋሻውን ፈታች። ጎንበስ ብላ አየችው። ሁለት ጣቶቹ ጠቁረዋል። ጥቁር... እንደ ቆዳ ጫማ።

«ጋሼ፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አልተሰማኝም» አለ። እውነቱን ነው።

«ሆስፒታል መግባት አለብዎት። በዚህ ሳምንት። ከዚያ ካለፈ ስለ ጣት ሳይሆን ስለ እግር ነው የምናወራው። ምናልባትም ስለ ሌላ ነገር።»

አጎቴ ጣሪያውን አየ። «አንድ የጀመርኩት ጉዳይ አለ። እሱን ሳልጨርስ አልገባም።»

ነርሷ እናቴን አየች፣ እናቴ እኔን።

ኮሪደሩ ላይ እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «የምን ጉዳይ ነው? የምን ጉዳይ አለው እዚህ ክፍል ውስጥ?»

«የአንዲት ልጅ ወንድም እየፈለገ ነው።»

«የማን ልጅ?»




ቅዳሜ፣ ጥር 25

ወሰንኩ። የቀስተኛዋን ወንድም ዛሬ አገኘዋለሁ።

ሐይቁ ዳር አንድ አሣ አጥማጅ አለ። ብቻውን ተቀምጦ ይውላል፣ ማንንም አይልክም፣ ማንንም አይነካም። ተስማሚ ሰው። አቶ ዝምን ወደዚያ መራሁት። አሣ አጥማጁ ስለ አየሩ የሆነ ነገር አጉረመረመ።

«ጋሼ! እሱ ነው! 'እህቴን እስከዛሬ ስጠብቅ ነበር' አለ!»

አጎቴ ብድግ ብሎ ትራሱን ተደገፈ። ከወር ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ አላየሁትም። እሰይ፣ አበቃ፣ ሰኞ ሆስፒታል...

«ልጅቷን አቅርባት» አለ።

አቀረብኳት። ቀስተኛዋ አሣ አጥማጁ አጠገብ ቆመች። አላየችውም። ዞር ብላ ያችኑ የእሳት ዳር ቃሏን ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ደ... ደስ አለኝ አለች።»

«ያችኑ እኮ ነው ያለችው። ድምፁን አውቀዋለሁ።» ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። «ደግሞ የሰውዬውን ልብስ ጠርዝ ተመልከት። የእሱ አገር ሰው በቀኝ ነው የሚደርበው፣ የሷ በግራ። ይሄ ወንድሟ አይደለም። ተሳስተሃል፣ እንሂድ።»

ጌሙን የሠሩት ሰዎች ለቀስተኛዋ አራት ቃል ብቻ ሰጥተው፣ ለጠርዙ ግን ይሄን ያህል ተጨንቀዋል! ምን ይባላል? ብርታታቸውም ጉድለታቸውም እኔ ላይ ነው የወደቀው።


ሰኞ፣ ጥር 27

ከላውንደሪ ወጥቼ ሽቦ ሱቅ ሄድኩ። የአንድ ስልክ ሆድ ዘርግፎ ተቀምጧል።

«ስማ፣ ቀስተኛዋ ምናልባት ወንድም አላት እንዴ?»

«የላትም። ሁለቴ ጨርሼዋለሁ።»

«የአክስት ልጅስ? እንጀራ አባት?»

«አንተ፣ ልታገባት ነው እንዴ ዘሯን የምትቆጥረው?»

«እሳት ዳር የምትላት ነገር አለች... ሁሌ የምትላት።»

«እሷማ! ራሴን ነበር ያዞረችኝ። 'ውርጩ አጥንቴን አገኘው' ነው የምትለው። በረደኝ ማለቷ ነው። ካባ ስጣት ዝም ትላለች። ቦርሳህ ውስጥ አለ እኮ፣ የመጀመሪያው መንደር ላይ የምታገኘው ቡናማው።»

«ካባ...»

«እስካሁን አልሰጠሃትም? አንተ አረመኔ።»

ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ሳቅ አልወጣም።

በረደኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ልብስ ሰፊ አጠገብ ተቀምጣ፣ በረደኝ ነው ስትል የኖረችው።


ማክሰኞ፣ ጥር 28

ነገርኩት።

ጆይስቲኩን እንደያዘ ነገርኩት። ሁሉንም። ዳቦውን፣ ንጉሡን፣ የዘንዶውን ጨጓራ፣ አሣ አጥማጁን። ወንድም እንደሌለ። ምን እንደምትል።

ይቆጣል ብዬ ነበር። ወይ ይስቃል። እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የጠየቀኝ።

«በረደኝ ነው የምትለው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ልብሱ ደግሞ ቦርሳችን ውስጥ ነበር?»

«አዎ።»

«ሠላሳ ዓመት... አንድ ሰው እዚያ በር ላይ መጥቶ በርዶኛል ብሎኝ፣ ጨርቅ እያለኝ የመለስኩት የለም። አንተ ግን...» አልጨረሰውም።

«ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው፣ ሰው አይደለች—»

«ስለሷ መሰለህ የማወራው?»

ጆይስቲኩን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠው።

«የቅባቱን ወረቀትስ? ሐኪሙ መርፌዋን ያወጣልኝ ጊዜ የሰጠኝን። ያነበብክልኝ አንተ ነህ።»

«እሱን በትክክል ነው ያነበብኩት!»

«እሺ» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጀርባውን እንደሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። «ለእናትህ ንገራት። የምፈልገው ሰው የለም፣ በፈለጉ ጊዜ ይውሰዱኝ።»

የምፈልገው ይሄው አልነበር? ታዲያ ለምንድነው ያሸነፍኩ የማይመስለኝ?


ረቡዕ፣ ጥር 29

የቅባቱን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁት። በስልኬ መዝገበ ቃላት አንድ በአንድ አየሁት። በቀን ሁለቴ፣ ልክ ነው። በንጹሕ ውሃ፣ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር አለች። ያኔ ከበደችኝ፣ ዘለልኳት።

«የቆዳው ቀለም ከተለወጠ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመለሱ።»


ሐሙስ፣ ጥር 30

አያናግረኝም። ሻይ አቀረብኩ፣ ጠጣ። ስኒውን አነሳሁ፣ ሄድኩ።


ዓርብ፣ የካቲት 1

ሆስፒታል ዋልን። ኮሪደሩ ረጅም፣ ወንበሩ ብረት። እያንዳንዱ በር ላይ ቁጥር አለ፣ የምንጠብቀው ቁጥር ግን አይደርስም። አጎቴ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ የሰዉን ኮሌታ ያያል። እኔ ከኋላው ነኝ፣ ወንበሩን ይዤ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁልቁለቱ ላይ እለቀው ነበር።

ሐኪሙ እናቴን ለብቻዋ ጠርቶ አናገራት። ስትወጣ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ነበር። አንድ ወረቀት ይዛለች። አጎቴ የሚፈርምበት፣ እስከ ሰኞ።

ቤት ስንደርስ ኩሽና ውስጥ ያዘችኝ።

«አንብብልኝ ይልሃል። ሁለቱን ጣት ብቻ ነው የሚቆርጡት በለው።»

«እሱ ነው የተጻፈው?»

«እስከ ጉልበቱ ድረስ ሊቆርጡት ይችላሉ። ከፍተው ካዩ በኋላ ነው የሚያውቁት። እሱን ከሰማ አይፈርምም። ካልፈረመ ደግሞ...» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አንተ እኮ መዋሸት ታውቅበታለህ። አንድ ቀን እንኳ ለደግ ዋሽልኝ፣ ልጄ።»

ለሙያዬ ሥራ አግኝታ ነው የጠራችኝ።

ገባሁ። ወረቀቱን ያዝኩ፣ ስልኩን በሌላ እጄ። አጎቴ አላየኝም። «አንብብ» አለ። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

በር ላይ እናቴ ቆማለች። ዓይኗ ይለምነኛል።

አነበብኩ። ቃል በቃል። የማላውቀው ላይ ስደርስ «ይሄን አላውቀውም፣ ቆይ» እያልኩ ስልኩ ላይ ፈለግኩ። አሥራ አንድ ጊዜ «አላውቀውም» አልኩ። ቆጠርኳቸው፣ እያንዳንዷ ጥርስ የማስነቀል ያህል ነበረች። ጣቶቹ የምትለዋን አነበብኩ። ደም ወደ እግሩ በበቂ ካልደረሰ፣ ከጉልበት በታች የምትለዋንም አነበብኩ።

እናቴ ከበሩ ጠፋች።

«ድገመው» አለ።

ደገምኩ። ከዚያ ስለ ቅባቱ ወረቀት ነገርኩት። ስለ ሁለቷ መስመር።

ውጪ አንድ ሰው በር ዘጋ።

«ከጉልበት በታች ስንት ሴንቲ?» አለ መጨረሻ ላይ።

«አልተጻፈም ጋሼ።»

«ልብስ ሰፊ ቢጽፈው ኖሮ ይጻፍ ነበር።» እጁን ዘረጋ። «ብዕር አምጣ።»

ሰጠሁት። ፈረመ።

«ልጅቱን ሰበብ አድርጌያት ነበር» አለ ብዕሩን ሲመልስ። «ፈርቼ ነው። አንተ ደግሞ፣ ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። ስላነበብከው ነው የፈረምኩት።»

እናቴ ዛሬ አላናገረችኝም። አሁን ደግሞ እሷ።


እሁድ፣ የካቲት 3

ከላውንደሪ ስመለስ ጌሙን ብቻውን ከፍቶ አገኘሁት። አልጠራኝም። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ።

የቦርሳውን ዝርዝር ማንበብ አይችልም። አንድ በአንድ እየከፈተ ሥዕሉን ያያል። ጥርስ። ጥርስ። ጥርስ። ሥር። የተሰበረ ጎራዴ። ሃምሳ ዕቃ አለ፣ ምክንያቱም ይሄ ጌም ሰውን ቆሻሻ ያሸክማል እንጂ አያደራጅም። ቡናማውን ካባ አገኘው። ለልጅቷ እንዴት እንደሚሰጣት ግን አላወቀም፤ ሦስቴ መሬት ላይ ጣለው። ሦስቴ አነሳው። ልረዳው ነበር፣ ተውኩት።

በአራተኛው ለበሰችው።

እሳት ዳር ተቀመጠች። ጠበቅን። እሱም እኔም።

ምንም አላለችም። ምስጋና የለ፣ ሙዚቃ የለ፣ ሽልማት የለ። ቁጭ ብላ እሳቱን አየች።

«ገበር የለውም» አለ አጎቴ፣ ሳይዞር። እዚያ እንደቆምኩ ያውቅ ነበር። «ግን ይሞቃል።»

አጠፋው።


ረቡዕ፣ የካቲት 6

ከጉልበት በታች። አሥራ ሁለት ሴንቲ። ሐኪሙን እኔ ጠየቅኩት፣ አጎቴ ሲነቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 9

እትዬ እንፋሎት ሁለት ሰዓት ቀድሜ እንድወጣ ፈቀደችልኝ። ለምን ቸርነት? «ኪስ ውስጥ ወረቀት ካልከተትክ» አለች። ታውቅ ነበር። «ያ ሽማግሌ ለሚስቱ ምን እንደነገራት ታውቂያለሽ?» አልኳት። «እሱን ነው የማላውቀው፣ ገደለኝ እኮ!» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ትንሽ።

የሆስፒታሉ አልጋ ላይ አጎቴ የሌለውን እግሩን ያክካል። «ያሳክከኛል» ይላል። «ሲኖር አይሰማኝም ነበር፣ አሁን ከሄደ በኋላ ይሰማኛል። ምን ዓይነት ነገር ነው?»

«አላውቅም ጋሼ» አልኩ።

ነርሷን ጠየቅናት። እሷ ታውቃለች።


ቅዳሜ፣ የካቲት 23

የጌም ማሽኑን ለሽቦ መለስኩ።

«ጨረሳችሁት?»

«ዘንዶውን በሕይወቱ ትተነዋል።»

«አቤት ስልቻ! እንዴት ነበር ግን፣ ከአሥር ስንት?»

አሰብኩ። ስለ ዝናቡ አሰብኩ። ስለ ሠላሳው ጥርስ። አጎቴ ከተራራው ጫፍ ላይ ቆሞ ዝም ሲል። የሰው ፊት ሦስት ብቻ ፈጥረው ጠርዙን ግን በግራና በቀኝ ስለለዩት ሰዎች። ስለዚያች ልጅ፣ አራት ቃል ብቻ ስላላት፣ አንዱን እንኳ በትክክል ስላልሰማሁላት።

«ስድስት» አልኩ። «አንዳንድ ቀን ሦስት። አንድ ቀን ዘጠኝ።»

«ቁርጡን ንገረኝ እንጂ።»

«ቁርጡ ይሄ ነው። አድካሚ ጌም ነው። ግን አይቼዋለሁ።»

ሽቦ እጁን ግንባሬ ላይ አደረገ። «ታመሃል እንዴ? አንድ ቀልድ እንኳ?»

ቀልድ ነበረኝ። ደክሞኝ ተውኩት።


ሐሙስ፣ መጋቢት 19

አጎቴ ሱቅ ከከፈተ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ። ክራንቹ ግድግዳውን ተደግፏል፣ እሱ ማሽኑን። መርገጫውን ለግራ እግሩ ያስተምረዋል። ግራው ደንቆሮ ነው፣ ይዘላል። ስፌቱ ሲጣመም ይፈታዋል፣ እንደገና ይሰፋዋል። ጠዋቱን ሙሉ አንድ እጅጌ። ከላውንደሪ እንደወጣሁ ነው የምመጣው፤ ክር አስገባለሁ፣ ቁልፍ አወጣለሁ፣ እሰደባለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ የባንኩ ዘበኛ መጣ። ሆዱ ከሱ በፊት ገባ። ጨርቁን ራሱ ይዞ ነው የመጣው፣ ለልጁ ሠርግ የሚለብሰው ኮት። «ይሄው ነው ያለኝ» አለ። «ከዚህ ሌላ አንዲት ክር የለም።»

አጎቴ ሊነሳ ሞከረ። ወንበሩ ተንሸራተተ። ተመልሶ ተቀመጠ። ዘበኛው ሊይዘው እጁን ዘረጋ፣ አጎቴ እንዳላየ ሆነ። ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ወረወረልኝ።

«ለካቸው። እኔ እጽፋለሁ።»

ትከሻ። እጅጌ። ደረት። እየለካሁ እጠራለሁ፣ እሱ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ይጽፋል። ሆዱ ላይ ስደርስ ዘበኛው ትንፋሹን ሰብስቦ ያዘ።

«ይተንፍሱ ጋሼ» አልኩ። «ባንኩ አይዘረፍም።»

ተነፈሰ። ሜትሩ ሸሸ።

«ስንት?» አለ አጎቴ።

ዘበኛው ወደኔ ጎንበስ አለ፣ በሹክሹክታ። «ሁለት ሴንቲ ቀንስልኝ ልጄ፣ ደንበኛ ነኝ...»

«አንድ መቶ አሥራ ስምንት» አልኩ።

አጎቴ ቀና ብሎ አየኝ። ጠመኔው ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ራሱ የለካውን እንኳ ሁለቴ ሳይለካ ጨርቅ የማይነካ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው የለካውንማ አይሰማም። ሜትሩን ልመልስለት ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። ጻፈው። ጨርቁን ዘረጋ፣ መስመሩን አሰመረ።

«እርስዎ አይለኩኝም?» አለ ዘበኛው፣ ዓይኑ ጨርቁ ላይ። «ሌላ ጨርቅ የለኝም እኮ።»

«ተለክተዋል» አለ አጎቴ፣ መቀሱን አነሳና ቆረጠ።